የታተመ ጥበብ፣ የተሰረዘ ሸማኔ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል ያገሬው ሰው። አባባሉ የተወለደው ልብስ ብርቅ በነበረበት ዘመን ነው። ዓመቱን ሙሉ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ የከረመ ቀሚስ የሚወጣው ለታቦቱ ቀን ነበር፤ ለዚያ ቀን ካልዋለ ለመቼ ሊሆን? ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ለጥምቀት የሚለበስ ቀሚስ በየሱቁ ሞልቷል። የሚበጣጠሰው ቀሚሱን የሚሠራው ሰው ኑሮ ሆኗል።

በገናና በጥምቀት ሰሞን እንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ብቅ ያለ ሰው በየሱቁ በር የተሰቀለውን ነጭ ልብስ ከሩቅ ሲያየው ሁሉም አንድ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ጨርቁን ገልብጦ ካየ ግን ሁለት ዓለም ያገኛል። በአንደኛው ጥበቡ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው፤ ክሩ በፊትም በጀርባም አለ፣ ሲነኩት ከጣት ሥር ይታወቃል። በሁለተኛው ጥበብ የሚመስለው ነገር ቀለም ብቻ ነው። በማሽን የታተመ፣ ጀርባው የገረጣ፣ እንደ ማንኛውም ጨርቅ ከጥቅል ላይ በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጥ። ሁለቱም «የሀበሻ ልብስ» ይባላሉ። ብዙ ጊዜም ለሁለቱም «የእጅ ሥራ ነው» ተብሎ ይማልላቸዋል።

ጠቡ እዚህ ላይ ነው። የታተመ ጨርቅ መልበስ ነውር የለበትም። ነውሩ የታተመውን የተሸመነ ብሎ መሸጥ፣ የተሸመነውንም በታተመው ዋጋና በታተመው ፍጥነት ካልሰጣችሁኝ ማለት ነው። በዚህ ነውር ውስጥ ነጋዴው ብቻ አይደለም ያለው። ስጦታ ልስጥ ብሎ የሚመጣው ገዢም፣ ሕግ ይዞ ዝም ያለው መንግሥትም አሉበት።

ልብስ ሰፊው ጋ የሚደርሰው መከራ

በየዓመቱ የሚደጋገም አንድ ትዕይንት አለ። ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው አንዲት ወይዘሮ ፌስታል ይዛ ወደ ልብስ ሰፊ ትመጣለች። ፌስታሉ ውስጥ የታተመ ጥበብ አለ፤ ለእናቷ ቀሚስ፣ ለባሏ ሸሚዝ፣ ለሁለት ልጆቿ ቀሚስና እጀ ጠባብ፣ ለአማቷ ሻርፕ ሊሆን። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የበዓል ስጦታ።

«ጋሼ፣ ለበዓሉ ይደርስልኛል አይደል? በእጅ የተሠራ ነገር ልስጣቸው ብዬ እኮ ነው።»

«የኔ እህት፣ መድረሱስ ይደርሳል። ጨርቁ ግን ያንሳል።»

«ኧረ ሻጩ አሥር ሜትር ይበቃሻል ብሎኛል!»

«ይበቃል፤ መስቀሉ መሐል ላይ ባይውል ግድ ከሌለሽ።»

ሻጩ ያሰላው በልሙጥ ጨርቅ ነው። ልሙጥ ጨርቅ ላይ ልብስ ሰፊ ቁራጮቹን እንደፈለገ ይደረድራል፤ አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች አዙሮ ቦታ ይቆጥባል። ጥለት የታተመበት ጨርቅ ግን አናትና እግር አለው። አንዱ ቁራጭ ከተገለበጠ መስቀሉም ይገለበጣል። ንድፉ ደግሞ በተወሰነ ርቀት ይደጋገማል። ስለዚህ ግራና ቀኙ ጎን ሲገጣጠም መስመሩ ከመስመሩ፣ መስቀሉ ከመስቀሉ እንዲገናኝ እያንዳንዱ ቁራጭ ከንድፉ ተመሳሳይ ቦታ ተነሥቶ መቆረጥ አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው። ንድፉ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ የሚደጋገም ከሆነና ልብሱ ስድስት ቁራጭ ካለው፣ ለማገናኘት ብቻ እስከ 180 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ሊባክን ይችላል። ይህ የአንዲት ሕፃን ቀሚስ ነው። ወይዘሮዋ ለአምስት ሰው ብላ የገዛችው ጨርቅ ለአራት ሰው ሆነ ማለት ነው፤ የሚቀረው ማን እንደሆነ እሷ ትወስን።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ፋብሪካው ሲያትም ጨርቁ ትንሽ ዘንበል ካለ ንድፉ ከጨርቁ ክር ጋር እኩል አይሄድም። ልብስ ሰፊው አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል። ክሩን ተከትሎ ከቆረጠ ጥለቱ ያዘነብላል። ጥለቱን ተከትሎ ከቆረጠ ልብሱ ታጥቦ ሲደርቅ ይጣመማል። ሁለቱንም ማዳን አይቻልም፤ አንዱን መርጦ ስለ ሌላው መሰደብ ነው። ጨርቁ ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ ያንሸራትታል። ከታች ያለው ቁራጭ ከመኪናው እግር ሥር ቶሎ ሲያልፍ ከላይ ያለው ይዘገይና አንድ ላይ የጀመሩት ሁለት መስቀሎች መጨረሻ ላይ ተላልፈው ይገኛሉ። ይህ እንዳይሆን አስቀድሞ በእጅ መርፌ ጣል ጣል አድርጎ ማሰር፣ ከዚያ በመኪና መስፋት፣ ከዚያ የእጁን ክር መፍታት ያስፈልጋል። አንድ ስፌት ሦስት ሥራ ሆነ። ካውያው ትንሽ ከሞቀ ጨርቁ ይቀልጣል፣ ካልሞቀ ደግሞ ስፌቱ አይተኛም።

ይህን ሁሉ ማንም አይቆጥርለትም። የሚከፈለው የልሙጥ ቀሚስ ስፌት ዋጋ ነው። በበዓሉ ዋዜማ እስከ ሌሊት ተቀምጦ ሲጨርስ የሚጠብቀው ምስጋና «መስቀሉ ለምን ወደ ግራ ሄደ?» የሚል ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ልፋቱ የሚውልበት ነገር ነው። ልብስ ሰፊው ሌሊቱን ሙሉ የሚታገለው የታተመው ጨርቅ የተሸመነ እንዲመስል ነው። መስቀሉ መሐል ላይ እንዲውል፣ ጥለቱ ከጫፍ ጫፍ እንዲገጥም፣ ስፌቱ እንዳይታይ የሚደረገው ሁሉ ከሩቅ ያየ ሰው «ሸማ ነው» እንዲል ነው። የአንዱ የእጅ ሙያ የሌላውን የእጅ ሙያ መቅበሪያ ሆነ።

ሸማኔው ጋ ያለው ሌላ ሒሳብ

የተሸመነ ጥበብ ችግር የለበትም ማለት አይደለም። ችግሩ ሌላ ዓይነት ነው፤ የሚፈታውም ከመቀስ በፊት ነው። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲወረውር ማጉ ይገባል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል። የድሩን ክሮች እየቆጠረ፣ የቱን አንሥቶ የቱን እንደሚተው እያሰበ፣ ባለቀለሙን ክር በየቦታው ያስገባል። አንድ ክር ከሳተ ስሕተቱ እዚያው ረድፍ ላይ አይቀርም፤ ወደ ላይ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የቀሚሱ ግርጌ ጥለት፣ የደረቱ መስቀልና የእጅጌው ዳር ስንት ስፋት እንደሚኖራቸው፣ የት እንደሚጀምሩና የት እንደሚያልቁ አስቀድሞ ይወሰናል። ደህና የሀበሻ ቀሚስ የሚለካው ልብስ ሰፊው ጋ ከመድረሱ በፊት በሸማኔው ቆጠራ ነው።

ልብስ ሰፊው ጋ ሲደርስም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የእጅ ሸማ ሲቆረጥ ጫፉ ወዲያው ይተረተራል፤ ኦቨርሎክ ሳይደረግለት እንዲያድር አይተውም። ጥጡ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ባለቀለሙ የጥለት ክር ግን እንደ ጥጡ ላይሰበሰብ ይችላልና ሳይታጠብ የተሰፋ ቀሚስ ጥለቱ ዳር ላይ ይኮማተራል። የተሳሳተ መቀስ ደግሞ ይቅርታ የለውም። የታተመ ጨርቅ ቢበላሽ ከጥቅሉ ሌላ ሜትር ይቆረጣል። ሸማ ቢበላሽ የሰው ሳምንታት ነው የሚበላሸው።

ቀላል ጥለት ያለው ነጠላ በጥቂት ቀናት ከሸማኔው እጅ ይወጣል። ጥበቡ የበዛ የቀሚስ ጨርቅ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ከሸማኔው በፊት ደግሞ ጥጡን ፈልቅቃ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶ አድርጋ በእንዝርት የፈተለች ሴት አለች። ከሸማኔው በኋላ ጫፉን የሚቋጭ እጅ አለ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው እንዲሁ አይደለም፤ አንድ ነጠላ ውስጥ ያበሩት እጆች ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ገዢዋ ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው «በእጅ የተሠራ ስጦታ» ስትል ምን እያለች ነው? ሳምንታት የሚፈጅን ነገር በአራት ቀን እየጠየቀች ነው። ያ ስለማይቻል ገበያው የሚቻለውን ይሰጣታል፤ የታተመ ጨርቅና «የእጅ ሥራ ነው» የሚል ቃል። ጥምቀት ጥር 11 መሆኑ የተሰወረበት ሰው የለም። ቀኑ ከአባቶች ዘመን ጀምሮ የታወቀ በዓል እንደ ድንገተኛ እንግዳ ሲያስደነግጥ ጥፋቱ የሸማኔው ሊሆን አይችልም።

ዋጋው ሲወርድ የሚወርደው ማን ላይ ነው?

አንድ ሸማኔ አዲስ ጥለት ሲያወጣ ፎቶው በስልክ ከሰው ሰው ይዞራል። ለማተሚያ ፋብሪካ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። ሸማኔው ስንት ቀን ያሰበበት ንድፍ ፎቶ ተነሥቶ፣ ባሕር ማዶ ታትሞ፣ በጥቅል ተጭኖ ሲመጣ መልሶ ሸማኔውን ይወዳደረዋል። ከዚያ ገዢው ሸማኔው ፊት ቆሞ «እዚያ ማዶ ይኸው ጥለት በግማሽ ዋጋ አለ» ይለዋል። ሸማኔው ምን ይመልስ? ጥለቱ የራሱ ነው፤ ዋጋው ግን የሌላ።

ሸማኔ ጊዜን መቀነስ አይችልም፤ እጁ ሁለት ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ይቀንሳል። ክሩን ያሳሳል፣ ድሩን ያራርቃል፣ ጥለቱን ያሳጥራል። ጨርቁ ሲሳሳ ገዢው «የድሮ ሸማ ቀረ» ብሎ ያማርራል። ከዚያ የሚከፋውም አለ። ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች ሕፃናት ወደ አዲስ አበባ እየመጡ ጉለሌና ሽሮ ሜዳ አካባቢ በየቤቱ ለረጅም ሰዓት እንደሚሸምኑ ለዓመታት በተደጋጋሚ ተዘግቧል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎታል። ነገር ግን ዋጋው በታተመ ጨርቅ ልክ እንዲወርድ የተገደደ ሽመና ርካሽ ጉልበት ይፈልጋል፤ ከሕፃን ጉልበት የረከሰ ደግሞ የለም። ለእናቱ ስጦታ ገዝቶ በዋጋው መርከስ የሚደሰት ሰው ያ ርካሽነት ከየት እንደመጣ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል።

ይህች ሀገር ሸማኔን በሙያው ስትሰድብ የኖረች ናት። ስድቡ ሥር ከመስደዱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ ከ100 ዓመት በፊት ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸዋል። ዛሬ ስድቡ ቀርቷል ይባላል። በአደባባይ ጥበብ ለብሶ፣ ስለ ባህል ኩራት ተናግሮ፣ ማታ ላይ የሸማኔውን ዋጋ ግማሽ መቁረጥ ስድብ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ለሚነሡት መከራከሪያዎች መልስ

የመጀመሪያው መከራከሪያ ጠንካራ ነው። «ድሃው ምን ይልበስ? የተሸመነ ቀሚስ የሚገዛ አቅም የለውም፤ የታተመው ቢያንስ በበዓል ቀን ከሰው እኩል አደረገው» ይባላል። እውነት ነው፤ ማንም ድሃውን በበዓል ቀን ነጭ ለብሰህ አትውጣ ሊለው አይችልም። የታተመው ጨርቅ ገበያ ላይ ይኑር። ስሙ ግን ይነገር። «የታተመ» ተብሎ ይሸጥ፣ በታተመ ዋጋ ይሸጥ። በዚህ ውሸት ቀድሞ የሚዘረፈው ድሃው ራሱ ነው። «የእጅ ሥራ ነው» ተብሎ ሲጨመርበት የሚከፍለው ትርፍ ሸማኔው ኪስ አይገባም፤ ያው ሻጩ ጋ ይቀራል። ድሃው ለእጅ ሥራ ከፈለ፣ የእጅ ሥራ ግን አላገኘም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ብልጣብልጥ ነው። «ሸማኔውስ ቢሆን የፋብሪካ ክር አይደለም ወይ የሚጠቀመው? ባለቀለሙ ክር ከውጭ ይመጣ የለ? ታዲያ ንጹሕ ባህል የት አለ?» ይላል። እርግጥ ነው፤ ብዙ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር ያደርጋል፤ የሚያብረቀርቀው የጥለት ክርም በአብዛኛው የውጭ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ክር ዋጋ ዶላሩን ተከትሎ መውጣቱም ግልጽ ነው። ሽመና ግን ቆሞ የኖረ ሙያ ሆኖ አያውቅም። ክር ተለውጧል፣ ቀለም ተለውጧል፣ ጥለቱ ከዳር ወደ ደረት ወጥቷል፣ ከዚያም ሙሉ ቀሚስ ሆኗል። ይህን ሁሉ የለወጠው ሸማኔው ከገዢው ጋር ሆኖ ነው። የክር ለውጥ ዕቃውን ይለውጣል። ኅትመት ግን ሠሪውን ያስወጣል። ጥያቄው «ክሩ ከየት መጣ?» ሳይሆን «ማን ሸመነው?» ነው፤ የታተመው ጨርቅ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም።

ሦስተኛው «ቴክኖሎጂ ነው፣ አይቆምም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ቴክኖሎጂው የተወለደበትን ሀገር ቢያዩ ይጠቅማቸዋል። የሽመና ፋብሪካ መነሻ በሆነችው በብሪታንያ፣ ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ባሉት የሄብሪዲስ ደሴቶች ሃሪስ ትዊድ የሚባል የሱፍ ጨርቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የብሪታንያ ፓርላማ ስለዚህ አንድ ጨርቅ ብቻ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት በዚያ ስም የሚሸጥ ጨርቅ በደሴቶቹ ነዋሪዎች በቤታቸው በእጅ የተሸመነ፣ ሱፉም እዚያው የተቀለመና የተፈተለ መሆን አለበት። ተመርምሮ ካለፈ ማኅተም ይመታበታል። ሌሎቹ የሱፍ ፋብሪካዎች አልተዘጉም፤ የማሽን ጨርቅ አልተከለከለም። የተከለከለው ስሙን መስረቅ ነው። የኢንዱስትሪ አብዮት ያስነሣች ሀገር ለእጅ ሸማኔዋ ይህን ካደረገች «ዘመኑ ነው» ማለት ሰበብ ብቻ ይሆናል።

ሕጉ አለ፣ ፈቃዱ ነው የጠፋው

«የኛ ሀገር አቅም የላትም» የሚለውም አያስኬድም። ይህችው ሀገር እ.ኤ.አ. በ2005 የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሥታ፣ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ፣ በ2007 ከስምምነት ደርሳለች። ስም ገንዘብ መሆኑን ታውቃለች። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የኅብረት የንግድ ምልክትን ይፈቅዳል፤ ማለትም የሸማኔዎች ማኅበራት ተሰባስበው አንድ ምልክት አስመዝግበው የራሳቸውን ሸማ ብቻ ሊያትሙበት የሚያስችል በር ክፍት ነው። ሸማቹን በሐሰት መግለጫ ማሳሳትን የሚከለክለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከወጣም ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። የታተመን ጨርቅ «የእጅ ሽመና» ብሎ መሸጥ ሐሰተኛ መግለጫ ካልሆነ ሐሰት የሚባለው ምንድን ነው?

ጋናን ማየት ይቻላል። ኬንቴ የተባለው የጋና የእጅ ሸማም የታተመ ቅጂ ሲያስቸግረው የኖረ ነው። ጋና የኬንቴን ሽመና ሙያ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍራለች። የኢትዮጵያ ጥምቀት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዚሁ መዝገብ ሰፍሯል፤ ጥሩ ነው፣ ያኮራል። ነገር ግን በዓሉን ሲያከብር ዓለም የሚያየውን ነጭ ልብስ የሚሸምነው ሰው በራሱ ሀገር ገበያ ውስጥ ስም የለውም። በዓሉ ተመዝግቦ ልብሱ ተረሳ።

ገዢው ማድረግ የሚችለው

መንግሥት እስኪነቃ የሚጠብቅ ገዢ ግን ሰበብ ፈላጊ ነው። የገዢው ድርሻ ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ ጨርቁን መገልበጥ ነው። የታተመ ከሆነ ጀርባው ይገረጣል። በማሽን የተጠለፈ ከሆነ ጥለቱ ከጨርቁ በላይ ተደርቦ፣ ከኋላው ሌላ ክር ይታያል። የተሸመነ ከሆነ ክሩ የጨርቁ አካል ነው። ጥርጣሬ ካለ ከነጩ ክር ትንሽ መዝዞ በክብሪት ማየት ይቻላል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ጉብታ ይሠራል። ይህ ፈተና የሚሠራው በነጩ ክር ነው፤ እውነተኛ ጥበብ ውስጥም ባለቀለሙ ክር ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላልና በእሱ መፍረድ ሸማኔውን መበደል ነው።

ሁለተኛ ጊዜ መስጠት ነው። ለጥምቀት ቀሚስ የሚያስፈልገው ሰው ጥቅምት ላይ ይዘዝ፣ ቀብድ ይክፈል። ቀብድ ለሸማኔው ክር መግዣ ነው፤ ከአራጣ አበዳሪ ያድነዋል። ሸማኔውን ካላገኘው ሻጩን «ማን ሸመነው?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን ጥያቄ በቀን አሥር ሰው ቢጠይቀው ሻጩ መልስ መያዝ ይጀምራል።

ሦስተኛ ስጦታውን ከአቅም ጋር ማስታረቅ ነው። ለአምስት ሰው የታተመ ቀሚስ ከማሰፋት ለእናት አንድ እውነተኛ ነጠላ መግዛት ይሻላል። ነጠላ መቀስ አይፈልግም፣ ልኬት አይፈልግም፣ መስቀሉ ወደ ግራ ሄደ ወደ ቀኝ የሚል ጭቅጭቅ የለበትም፤ ከሸማኔው እጅ ሲወጣና ጫፉ ሲቋጭ ያለቀ ልብስ ነው። ሜሪላንድ ወይም ዱባይ ሆኖ የእናቱን ልክ በስልክ ጠይቆ በግምት የሚያሰፋ ሰው ይህን ቢያስብበት ራሱም ያርፋል። ስለ ሀገር እጅ ናፍቆት የሚያወራው እሱ ነው፤ ከሌላው ይልቅ የመክፈል አቅም ያለውም እሱ ነው። ሸማኔውን አስቀርቶ የታተመውን በኢንተርኔት ሲያዝ የሚገዛው ናፍቆቱን የሚመስል ሥዕል ነው።

የታተመው የግድ ከሆነም አደራረጉ አለ። ንድፉ ትንንሽ የሆነውንና አናትና እግር የሌለውን መምረጥ፣ ለማገናኛ የሚሆን ትርፍ ሜትር መግዛት፣ ለልብስ ሰፊው የማገናኘቱን ልፋት ለይቶ መክፈል፣ ስጦታውን ሲሰጡም «የታተመ ነው» ማለት። እናት በእውነት አትከፋም። የሚያስከፋት ከሁለት እጥበት በኋላ መስቀሉ ሲደበዝዝ ሳትጠይቅ የምታውቀው ነገር ነው።

የአያት ሣጥን ውስጥ የቆየ ቀሚስ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ነጩ ወደ ክሬም አድልቷል፣ ክርኑ አካባቢ ተጥፏል፣ ጥለቱ ግን ዛሬም አለ፤ የሚለቅ ቀለም ስላልነበረ፣ ክር ስለሆነ። ያን ቀሚስ የሸመነው ሰው ስሙ ባይታወቅም ሥራው አልተሰረዘም። በመጪው ጥምቀት ጃንሜዳን የሚሞላው ነጭ ልብስ ከ40 ዓመት በኋላ ስንቱ ሣጥን ውስጥ ይገኛል? መልሱ ዘንድሮ ጨርቁን ገልብጦ ለማየት በሚቆመው ገዢ እጅ ነው። መገልበጡ አንድ አፍታ ነው የሚፈጀው፤ ጀርባው ራሱ ይናገራል።